ጌም የሚጎትት ላፕቶፕ፦ ማሻሻል ወይስ መቀየር? ለባሕር ዳር ተጫዋቾች መመሪያ

ጌም ስታክ ማድረግ ሲጀምር ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው አዲስ ላፕቶፕ ነው። ኪሱ ካልፈቀደ ደግሞ «ራም ላስጨምር» ይላል። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ግን ላፕቶፑ የቱ ጋ እንደተያዘ ሳይታወቅ የሚወጣ ብር ባክኖ ይቀራል። በተለይ እዚህ ባሕር ዳር «አረጀ» ተብሎ የሚሸጥ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ያረጀ ሳይሆን በሙቀት የታፈነ ነው።

ስለዚህ ይህን መመሪያ በቅደም ተከተል ያዙት። ብር ከማያስወጣው ጀምሮ ወደ ውዱ ይሄዳል። ለጌም ብቻም አይደለም። ፖሊ ካምፓስ ሪቪትና ሶሊድወርክስ በሚባሉ የንድፍ ሶፍትዌሮች የምትሠሩ ተማሪዎች የሚያስፈልጋችሁ ላፕቶፕ ከጌም ላፕቶፕ ብዙም አይለይም። ችግሩም መፍትሔውም ተመሳሳይ ነው።

1. መጀመሪያ ማነቆውን ፈልጉ

ቻርጀሩን ሰኩ። የጌም ላፕቶፕ በባትሪ ብቻ ሲሠራ ግራፊክስ ካርዱ የሚያገኘው ኃይል ይቀንሳል። በባትሪ የተለካ ነገር አያስተማምንም። ከዚያ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ጫኑ። ጌሙ እየሄደ እያለ ሙቀቱን፣ የግራፊክስ ካርዱንና የፕሮሰሰሩን ጫና፣ የራሙን ፍጆታና በሰከንድ የሚወጣውን ፍሬም (የምስል ብዛት) ስክሪኑ ጥግ ላይ ያሳያችኋል።

ሁልጊዜ የሚያስቸግራችሁን ጌም ክፈቱና ሃያ ደቂቃ ያህል ተጫወቱ። አምስት ደቂቃ አይበቃም፤ ላፕቶፑ ገና አልጋለም። ከዚያ ቁጥሮቹን እንዲህ አንብቧቸው።

ጌሙ መጀመሪያ ጥሩ ሄዶ ቆይቶ መጎተት ከጀመረ፣ ፕሮሰሰሩም 95 ዲግሪ አካባቢ ከደረሰ፣ ችግሩ ሙቀት ነው። ቺፑ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን እየቀነሰ ነው። ራሙ ከ90 በመቶ በላይ ሞልቶ ጌሙ በየመሀሉ ቆም ቆም የሚል ከሆነ ራም አንሷል። ጌሙ ለመከፈት ረጅም ደቂቃ ከፈጀና ታስክ ማናጀር ላይ ዲስኩ 100 በመቶ ላይ ከተቀመጠ ጥፋቱ የዲስኩ ነው።

ሙቀቱም ራሙም ደህና ሆኖ ግራፊክስ ካርዱ 97 ወይም 98 በመቶ ላይ ከተሰቀለ ማነቆው እሱ ነው። ለማረጋገጥ የጌሙን ሬዞሉሽን ከ1080 ወደ 720 አውርዱት። ፍሬሙ በደንብ ከጨመረ ነገሩ ተረጋገጠ። ካልጨመረ ፕሮሰሰሩን ጠርጥሩ።

አንድ ነገር ለዩልኝ። ኦንላይን ስትጫወቱ ሰውየው ወደ ኋላ እየተመለሰ የሚዘል ከሆነ፣ ፍሬሙ ግን ንቅንቅ ካላለ፣ ያ የኔትወርክ ጉዳይ ነው። የመቶ ሺዎች ላፕቶፕ ብትገዙም አይለቃችሁም።

2. ሙቀቱን አውርዱ

ይህን ክፍል አትዝለሉት። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አየር ይልቅ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚገፋው አየር ያንሳል፤ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። ዩቲዩብ ላይ «80 ዲግሪ ላይ ይቆያል» የተባለ ላፕቶፕ በሚያዝያ ቀትር፣ ከሰዓት ፀሐይ በሚመታው ቤት ውስጥ 80 ላይ እንዲቆም አትጠብቁ። በላዩ ላይ የበጋው አቧራ አለ። ቤታችሁ ሐይቁ አጠገብ ከሆነ ደግሞ ማታ ማታ የስክሪኑን ብርሃን ተከትለው የሚመጡት ጥቃቅን ነፍሳት አሉ።

ከመክፈታችሁ በፊት ቀላሉን ሞክሩ። ላፕቶፑን አልጋና ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡት፤ አየር የሚስበው ከሥሩ ነው። የኋላ እግሮቹን በሁለት የሃይላንድ ክዳን ከፍ አድርጉለት። ጌሙ ውስጥ ፍሬሙን 60 ላይ ገድቡት። ስክሪናችሁ 60 ኸርዝ ከሆነ ከዚያ በላይ የሚመረተው ፍሬም የሚተርፋችሁ በሙቀት ብቻ ነው። ዊንዶውስ የፓወር ማስተካከያ ውስጥ ገብታችሁ የፕሮሰሰሩን ከፍተኛ አቅም ከ100 ወደ 99 በመቶ ብትቀንሱት ብዙ ላፕቶፖች ላይ ተርቦው (ፕሮሰሰሩ ከመደበኛው በላይ የሚፈጥንበት አሠራር) ይጠፋል፤ ሙቀቱም በግልጽ ይወርዳል። ግራፊክስ ካርድ ላይ ለሚያርፉ ጌሞች የምታጡት ፍሬም ጥቂት ነው።

ይህ ካልበቃ ውስጡን ማጽዳት ነው። የሚያስፈልጋችሁ ትንሽ ባለ መስቀል ካቻቢቴ፣ አሮጌ የኤቲኤም ካርድ፣ ለስላሳ የቀለም ብሩሽና ተርማል ፔስት (የቺፑን ሙቀት የሚያስተላልፍ ቅባት) ነው። ላፕቶፑ ገና ዋስትና ላይ ከሆነ ግን መክፈት ዋስትናውን ያፈርስ እንደሆነ ሻጩን ቀድማችሁ ጠይቁ።

አከፋፈቱ እንዲህ ነው፦

1. ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፉ። ስሊፕ ማድረግ ማጥፋት አይደለም። ቻርጀሩን ንቀሉ።
2. ገልብጡትና ብሎኖቹን ፍቱ። ርዝመታቸው ይለያያል። ወረቀት ላይ የላፕቶፑን ጀርባ ሥላችሁ እያንዳንዱን ብሎን በቦታው አስቀምጡ። ረጅሙን ብሎን በአጭሩ ቦታ ብታስገቡ የላይኛውን ሽፋን ሊበሳው ይችላል።
3. አንዳንድ ብሎኖች ከጎማው እግር ሥር ይደበቃሉ። ሽፋኑ እምቢ ካለ ጉልበት አትጨምሩ፤ የቀረ ብሎን ፈልጉ።
4. የኤቲኤም ካርዱን በጠርዙ አስገብታችሁ ዙሪያውን ቀስ እያላችሁ አላቁት። «ቀጭ፣ ቀጭ» ማለቱ ጤና ነው።
5. ሌላ ማንኛውንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት የባትሪውን ሶኬት ከቦርዱ ላይ ንቀሉ። ከዚያ የመክፈቻውን ቁልፍ ለአሥራ አምስት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፤ የቀረው ቻርጅ ይውጣ።
6. እጃችሁን ቀለም ያልተቀባ ብረት ላይ አሳርፉ። ከሰውነት የሚወጣ ስታቲክ (የተጠራቀመ ኤሌክትሪክ) ቺፕ ይገድላል።

አሁን ፋኖቹን ታያላችሁ። ላይ ላዩን ንጹሕ ሊመስሉ ይችላሉ። ጉዱ ያለው በፋኑና አየሩ በሚወጣበት የመዳብ ወንፊት መካከል ነው። የፋኑን ትንንሽ ብሎኖች ፈታችሁ ስታነሱት ግራጫ ጥጥ የመሰለ ንጣፍ ወንፊቱ ላይ ተጋግሮ ታገኛላችሁ። ፀጉር፣ የብርድ ልብስ ብናኝ፣ የነፍሳት ክንፍ ሁሉ አለበት። ብዙ ጊዜ በቁራጭ ሳይሆን እንዳለ ተላቅቆ ይወጣል። ላፕቶፑ ሲተነፍስ የነበረው በዚያ ንጣፍ ውስጥ ነው።

በብሩሽ ጥረጉት። ብሎወር ካላችሁ ፋኑን በጣታችሁ ይዛችሁ ንፉበት፤ በአየሩ ግፊት ከልክ በላይ ከዞረ ፋኑ ይበላሻል። ጎሚስታ ቤት ወስዳችሁ በጎማ መንፊያ ኮምፕሬሰር አታስነፉት። ግፊቱ ከባድ ነው፤ ከአየሩ ጋርም ውሃና ዘይት ይተፋል።

ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ላፕቶፑ ሦስት ዓመት ካለፈው ግን ተርማል ፔስቱም ደርቆ ሊሆን ይችላል። ቺፖቹ ላይ የተጋደመውን የመዳብ ቱቦ የያዙት ብሎኖች አጠገባቸው 1፣ 2፣ 3 የሚል ቁጥር አላቸው። ከትልቁ ቁጥር ወደ ትንሹ እያላችሁ ትንሽ በትንሽ ፍቱ። የድሮውን ፔስት በለስላሳ ጨርቅና በአልኮል ጥረጉ። ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ውሃ አለበት፤ ሌላ ካጣችሁ በጥቂቱ ተጠቀሙና በደንብ እስኪደርቅ ጠብቁ። አዲሱን ፔስት የሚያብረቀርቀው ቺፕ ላይ ስስ አድርጋችሁ ሙሉውን ሸፍኑ። ሚሞሪዎቹ ላይ የተለጠፉትን ለስላሳ ፓዶች አትቅደዱ፤ በፔስትም አትተኩ፤ ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ ፔስት አይሞላውም። ስትመልሱ ከ1 ጀምራችሁ በየተራ አጥብቁ።

ቱቦውን ስታነሱ ቺፑ ላይ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ፈሳሽ ብረት ካያችሁ እዚያው ላይ አቁሙ። አንዳንድ የአሱስ ሮግ ላፕቶፖች ከፋብሪካ ሊኩዊድ ሜታል ተቀብተው ይመጣሉ። ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ አንዲት ጠብታ ቦርዱ ላይ ብትወድቅ ቦርዱን ታቃጥላለች። ይህን ለሚያውቅ ቴክኒሻን ስጡ።

ዘግታችሁ ያንኑ ጌም፣ በዚያው ሰዓት፣ ለዚያው ያህል ጊዜ ተጫወቱና ቁጥሩን አወዳድሩ። ላፕቶፑ ታፍኖ ከነበረ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

3. ራም

8 ጊጋ ራም ዛሬ ለጌም አይበቃም። ዊንዶውስና ክሮም ግማሹን ከበሉ ለጌሙ ምን ይተርፈዋል? 16 ጊጋ ጥሩ መነሻ ነው። 32 ጊጋ ትልልቅ የሪቪት ፋይል ለሚከፍት ወይም ቪዲዮ ለሚያቀናብር ነው። ለጌም ብቻ ብላችሁ 32 ላይ ብር አትከምሩ።

ታስክ ማናጀርን በኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ ክፈቱ። ፐርፎርማንስ ውስጥ ሚሞሪ የሚለውን ንኩ። ፍጥነቱንና ስንት ስሎት እንደተያዘ ይነግራችኋል። «1 ከ 2» ካለ ዕድለኛ ናችሁ፤ ባዶ ቦታ አለ። ግን አንዳንድ ላፕቶፖች ላይ ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ስለዚህ ሽፋኑን ከፍታችሁ በዓይናችሁ አረጋግጡ።

ሲፒዩ-ዚ የሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ደግሞ ዓይነቱን ያሳያል፦ ዲዲአር4 ወይስ ዲዲአር5። እነዚህ አይወራረሱም። መሀላቸው ላይ ያለው ቁርጥ ቦታው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ስሎት አይገባም። የምትገዙት የላፕቶፕ ራም መሆኑንም እዩ፤ የዴስክቶፑ በርዝመት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ከሁሉ የሚሻለው ያለውን ራም ነቅላችሁ፣ ጽሑፉን ፎቶ አንስታችሁ፣ ራሱንም ይዛችሁ ሱቅ መሄድ ነው።

አንድ 16 ከሚሆን ሁለት 8 ይሻላል። ሁለት ሆነው ሲሠሩ ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ያነባል። ለብቻው ግራፊክስ ካርድ በሌለው ላፕቶፕ ላይ ልዩነቱ በጣም ትልቅ ነው፤ ግራፊክሱ የሚበላው ከራሙ ስለሆነ። ፍጥነታቸው እኩል ይሁን፤ እኩል ካልሆነ ሁለቱም በቀርፋፋው ልክ ይሄዳሉ።

አገባቡን አትፍሩት። ራሙን በ30 ዲግሪ ያህል አዘንብላችሁ፣ ወርቃማው ጠርዝ እስኪጠፋ ድረስ ስሎቱ ውስጥ ግፉት። ከዚያ ወደ ታች ስትጫኑት በጎንና በጎን ያሉት ሁለት የብረት ክንፎች ቀጭ ብለው ይይዙታል። ወርቁ ከታየ አልገባም ማለት ነው። ዲዲአር5 ከሆነ መጀመሪያ ስትከፍቱት ስክሪኑ ለደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። አዲሱን ራም እየተለማመደ ነውና አትደንግጡ፤ አታጥፉትም።

ስለ ዋጋው አንድ ልበል። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ ራም በዓለም ገበያ ተሰቅሏል። የኤአይ ዳታ ሴንተሮች የሚሞሪ ቺፑን ጠራርገው ስለሚወስዱት ነው። ክሩሻል በሚል ስም ለተራ ተጠቃሚ ራም ይሸጥ የነበረው ማይክሮን እንኳ በዲሴምበር 2025 ከዚህ ገበያ እንደሚወጣ አስታውቋል። ስለዚህ የነቀላችሁትን ደህና ራም በርካሽ አትልቀቁት። ያገለገለ ራምም አትናቁ፤ ራም በቀላሉ አያረጅም። ገዝታችሁ ካስገባችሁ በኋላ ዊንዶውስ ውስጥ ያለውን የሚሞሪ መመርመሪያ አንድ ዙር አስኪዱት።

4. ኤስኤስዲ

ላፕቶፑ አሁንም በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ የሚነሳ ከሆነ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) ማስገባት ሌላ ኮምፒውተር ያደርገዋል። ሃርድ ዲስኩ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ፣ ሳታ የሚባለው ዓይነት ኤስኤስዲ 500 አካባቢ፣ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ3,000 በላይ ያነባል። ግን እወቁት፤ ኤስኤስዲ ጌሙን ቶሎ ይከፍታል እንጂ ፍሬም አይጨምርም። ሻጩ ሌላ ካላችሁ አትስሙት።

ባለ ኤም.2 ቅርጹ ኤስኤስዲ ሁለት ዓይነት ነው። አንድ ቁርጥ ያለው አብዛኛውን ጊዜ ኤንቪኤምኢ ነው፤ ሁለት ቁርጥ ያለው ብዙ ጊዜ ሳታ ነው። ላፕቶፓችሁ የቱን እንደሚቀበል የሞዴሉን ስም ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ አጣሩ። ለጌም ውዱን ጄነሬሽን 4 ወይም 5 አታሳድዱ። ጄነሬሽን 3 ሆኖ 1 ቴራ ቢሆን ይበልጥ ይጠቅማችኋል፤ ጂቲኤ 5 ብቻውን 100 ጊጋ ይጠጋል።

ዊንዶውሱን እንደ አዲስ መጫን የማትፈልጉ ከሆነ ክሎንዚላ በነፃ ይገለብጥላችኋል። ከዚያ በፊት ቢትሎከር (ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ) ተከፍቶ እንደሆነ አጥፉት፤ ወይም ቁልፉን ጽፋችሁ ያዙ። አዲሱን ዲስክ ደግሞ ኤችቱቴስትደብሊው በሚባለው ሶፍትዌር እስከ አፉ ሞልታችሁ ፈትኑት። 1 ቴራ ተብሎ ውስጡ 64 ጊጋ የሆነ የውሸት ዲስክ ገበያው ውስጥ አለ። የድሮውን ሃርድ ዲስክ ኬዝ ገዝታችሁ ኤክስተርናል አድርጉት። ጌም ከጓደኛ ለመገልበጥ ያገለግላል።

5. ባትሪ፣ ቻርጀርና መብራት

ባትሪው ካበጠ፣ ማለትም የመዳሰሻው ሰሌዳ ወደ ላይ ከተነሳ ወይም ሽፋኑ ካልገጠመ፣ መጠቀም አቁሙ። አትውጉት፣ አትጫኑት። በተረፈ ባትሪ የሚቀየረው መብራት ሲጠፋ ጌሙን ሴቭ ለማድረግ እንኳ ካልበቃ ነው።

ቻርጀር ላይ አትቆጥቡ። 180 ዋት የሚፈልግ ላፕቶፕ በ90 ዋት ቻርጀር ቢነሳም ጌም ላይ ይጎተታል። ሰው ይህን ሳያውቅ ላፕቶፑን ይወቅሳል። መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከዲቫይደሩ ንቀሉ። መብራቱ ሲመለስ የሚመጣው ከፍ ያለ ኃይል ነው የሚጎዳው፤ ደቂቃዎች ጠብቃችሁ መልሱ። ስታቢላይዘር ካላችሁ እሰየው።

6. የማይሻሻለው

ግራፊክስ ካርዱና ፕሮሰሰሩ ዛሬ ባሉት የጌም ላፕቶፖች ላይ ከሞላ ጎደል ሁሉ ቦርዱ ላይ የተበየዱ ናቸው። «ግራፊክሱን ከፍ አደርግልሃለሁ» የሚላችሁ ካለ ብራችሁን ያዙ። ክፍል 1 ላይ ማነቆው ግራፊክስ ካርዱ ሆኖ ከተገኘ፣ ራምና ኤስኤስዲ አያድኑትም።

እኔ «ይበቃል፣ ይቀየር» የምለው እነዚህ ሲገጥሙኝ ነው። ማነቆው ግራፊክስ ካርዱ ሆኖ የራሱ ሚሞሪ 4 ጊጋ ወይም ከዚያ በታች ሲሆንና የምትፈልጉት አዳዲስ ጌም ሲሆን። የማሻሻያው ወጪ ላፕቶፑ ዛሬ ከሚሸጥበት ዋጋ ግማሽ ሲያልፍ። ወይም ዊንዶውስ 11 የማይቀበል ሲሆን። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በጥቅሉ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። እንደ ጂቲኤክስ 1050 ያሉት የ10 ተከታታይ ካርዶችም እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2025 ወዲህ ለአዳዲስ ጌሞች የተዘጋጀ ድራይቨር አይወጣላቸውም፤ የሚቀራቸው የደኅንነት ማስተካከያ ብቻ ነው።

በተቃራኒው የምትጫወቱት ዶታ 2፣ ካውንተር ስትራይክ 2፣ ጂቲኤ 5 ከሆነና ጂቲኤክስ 1650 ካላችሁ፣ አጽዱት፣ ራሙን 16 አድርጉትና ተቀመጡ። ለመቀየር ምክንያት የላችሁም።

7. መቼ ይገዛ?

ኤንቪዲያ የላፕቶፕ ካርዶቹን በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይቀይራል። የ30 ተከታታይ በ2021፣ የ40 በ2023፣ የ50 በ2025 እ.ኤ.አ. ወጥተዋል። አዲሱ ሲወጣ ያለፈው ውጭ አገር ይረክሳል። እኛ ጋ ሲደርስ ግን ወራት ይቆያል። ስለዚህ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ መግዛት አያሳፍርም፤ ብልህነት ነው።

ውጭ ዘመድ ካላችሁ ምርጡ ጊዜ የኖቬምበር መጨረሻ ቅናሽ ነው። ለገና ወይም ለጥምቀት የሚመጣ ሰው ይዞት ይመጣል። ግን ጥቅምት ላይ ንገሩት፤ ሞዴሉን ጽፋችሁ ላኩለት እንጂ «ጥሩ የጌም ላፕቶፕ» ብላችሁ አትተዉት። ቻርጀሩ ላይ 100-240 ቮልት የሚል ካለ እኛ አገር ያለ ችግር ይሠራል፤ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ያስፈልጋል። ትርፍ ባትሪ ካለ በእጅ ሻንጣ ይያዝ። የጉምሩክን ደንብም ከመነሳቱ በፊት ያጣራ።

አገር ውስጥ ስትገዙ ዋጋው የሚከተለው ዶላርን ነው። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በወራት ውስጥ ከ100 አልፏል። ስለዚህ ሥራችሁ ወይም ትምህርታችሁ የሚፈልገው ከሆነና ብሩ በእጃችሁ ካለ «ይረክስ ይሆናል» ብሎ መጠበቁን አልመክርም። ብሩ ካልሞላ ደግሞ ተበድሮ መግዛቱን አልመክርም። ሻጩ «ነገ ይጨምራል» ቢልም ላፕቶፑን ሳትፈትኑ አትጣደፉ።

ሰኔና ሐምሌ ላይ ፔዳና ፖሊ አካባቢ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ተመርቀው ሲወጡ ላፕቶፕ የሚሸጡ ተማሪዎች አይጠፉም። የተጠቀመበትን ሰው አይታችሁ መግዛታችሁ ራሱ አንድ ዋስትና ነው።

8. ስትገዙ የምታዩት

እዚህ ማስታወቂያ ሁሉ «ኮር አይ7፣ 16 ጊጋ፣ 512 ኤስኤስዲ» ይላል። ዋናውን፣ ግራፊክስ ካርዱን፣ አይናገርም። መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። «8 ጊጋ ግራፊክስ» ካላችሁም ዴዲኬትዱን፣ ማለትም የካርዱን የራሱን ሚሞሪ፣ አሳየኝ በሉ። ዊንዶውስ ከራሙ የሚበደረውን ደምሮ ስለሚያሳይ 2 ጊጋው 10 መስሎ ይቀርባል። ኮር አይ7ም ብቻውን ምንም አይደለም። ከቁጥሩ በኋላ «ዩ» ካለ ለቀላል ላፕቶፕ የተሠራ ነው፤ ለጌም «ኤች» ያለውን ፈልጉ።

ቀጥሎ ግራፊክስ ካርዱ የሚያገኘውን ዋት እዩ። አንድ አርቲኤክስ 4060 በአንዱ ላፕቶፕ ላይ 115 ዋት ሲያገኝ፣ በሌላው ስስ ላፕቶፕ ላይ 60 ዋት እንኳ ላያገኝ ይችላል። ስሙ አንድ ነው፤ አቅሙ ግን ይለያያል። የላፕቶፑ 4070 ሚሞሪው እንደ 4060 ሁሉ 8 ጊጋ ነው። የዋጋው ልዩነት ሰፊ ከሆነ 4060ውን ያዙ። አቅማችሁ አነስ ካለ አርቲኤክስ 3060 ባለ 6 ጊጋ ዛሬም ያኮራል። ባዶ የራም ስሎትና ሁለተኛ የኤስኤስዲ ቦታ ያለውን አስቀድሙ፤ ነገ ታሻሽሉታላችሁ። ለሪቪትና ለአውቶካድ የምትፈልጉት ከሆነ ያገለገሉ ዴል ፕሪሲዥንና ኤችፒ ዚቡክም አሉ። ኳድሮ ቲ1000 የሚባለው ግራፊክስ ካርድ ያለበት ከጂቲኤክስ 1650 ጋር ይቀራረባል።

ያገለገለ ስትገዙ ከቻርጀሩ ጋር መብራት ባለበት ቦታ ተገናኙ። በፍላሽ ጂፒዩ-ዚ፣ ኤችደብሊውኢንፎ፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎና ፈርማርክን ይዛችሁ ሂዱ።

1. ጂፒዩ-ዚን ክፈቱ። ካርዱ የተባለው መሆኑን አረጋግጡ።
2. ግራፊክስ ካርዱን እስከ ጫፍ የሚያሠራውን ፈርማርክን ለአሥራ አምስት ደቂቃ ልቀቁት። ስክሪኑ ላይ ነጠብጣብ ወይም መስመር ከታየ፣ ወይም ከጠፋ፣ ተሰናበቱ። ሻጩ «አያስፈልግም» ካለም እንደዚሁ።
3. እሱ እየሮጠ ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ክፈቱ፣ ዝጉ። ማጠፊያው ከተንቋቋ ወይም ስክሪኑ ብልጭ ካለ ዋጋ አስቀንሱ ወይም ተዉት።
4. ደብሊው፣ ኤ፣ ኤስ እና ዲ ቁልፎችን ደጋግማችሁ ንኩ። የጌም ላፕቶፕ ቀድሞ የሚያረጀው እዚያ ነው።
5. ኤችደብሊውኢንፎ ላይ የባትሪውን የድካም መጠን፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ላይ የዲስኩን ጤና እዩ።
6. ዳግም አስነስታችሁ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥ ግቡ። ፓስወርድ ከጠየቀና ሻጩ ካላወቀው አትግዙ።
7. ቻርጀሩን ገልብጣችሁ ዋቱን አንብቡ።

ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ካዘዛችሁ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በአውቶቡስ ተንገላቶ ነው የሚደርሳችሁ። እዚያ ያለ የምታምኑት ሰው ከላይ ያለውን ሁሉ ፈትኖ፣ ሴሪያል ቁጥሩን ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። ሙሉውን ክፍያ ቀድማችሁ በቴሌብር አትላኩ፤ አንዴ ከሄደ ማስመለሱ ከባድ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ላፕቶፑ የማይንቀሳቀስበት መጠቅለያ ይኑር።

ደረሰኝ ላይ የሞዴሉ ስም፣ ሴሪያል ቁጥሩና የመሞከሪያ ቀናቱ በጽሑፍ ይስፈሩ። እነዚያ ቀናት ሳያልቁ በየቀኑ ረዘም ላለ ሰዓት ተጫወቱበት፣ ሁሉንም የዩኤስቢ ቀዳዳ ሞክሩ፣ ዋይፋዩን፣ ካሜራውንና የጆሮ ማዳመጫውን ፈትሹ። አንድ ነገር ካልጣማችሁ በዚያው ሳምንት መልሳችሁ ውሰዱት።